ኤልዲኤል («መጥፎው» ኮሌስትሮል) ለማውረድ ገብስ፣ ተልባ፣ ጥራጥሬ፦ ስንት ግራም፣ እንዴት ተሠርቶ፣ በምን ፋንታ?

#1 · ምጥን_ሽሮ

«ኮሌስትሮል አለብህ ተብያለሁ፣ ምን ልብላ?» የሚል ጥያቄ እዚህ በየሳምንቱ ይነሳል። መልሱም ያው ነው፦ ነጭ ሽንኩርት በጥሬው፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ተልባ በባዶ ሆድ፣ የሽፈራው ቅጠል። ስንት ግራም፣ እንዴት ተዘጋጅቶ፣ ከምን ጋር የሚለውን ግን የሚናገር የለም። ይህ ክር ለእሱ ይሁን። የምታውቁ በሙያችሁ ጨምሩበት፤ «ለእኔ ሠርቶልኛል» የሚለውን ለሌላ ክር እንተወው።

መጀመሪያ አሠራሩ። ጉበት ከኮሌስትሮል ሐሞት ይሠራል። ሐሞቱ አንጀት ገብቶ ቅባት እንዲፈጭ ካገዘ በኋላ አብዛኛው ተመልሶ ይመጠጣል፤ ጉበትም ደግሞ ይጠቀምበታል። አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ የሚወፍር ፋይበር ካለ ግን የሐሞት አሲዱን ይዞት ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ኤልዲኤልን ከደም ይስባል። ገብስ፣ አጃ፣ ጥራጥሬና ተልባ በዋናነት የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሳቹሬትድ ቅባትን፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ የሚረጋውን፣ መቀነስ ነው። እሱ ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሳባቸው ተቀባዮች ይቀንሳሉ። አንዱን መንገድ ከፍቶ ሌላውን የዘጋ ሰው ውጤት አያይም።

ገብስና አጃ። ሁለቱም ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ ፋይበር አላቸው። በጥናት የተደገፈው መጠን በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ሲሆን ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ያወርዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 ለአጃ፣ ኋላም ለገብስ፣ ይህንኑ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ የፈቀደው በዚሁ መጠን ላይ ተመሥርቶ ነው። 3 ግራሙን ለማግኘት በደረቁ ከ60 እስከ 80 ግራም ገብስ ወይም አጃ ያስፈልጋል። ገብስ አንድ ብልጫ አለው፦ በአጃ ቤታ ግሉካኑ ወደ ውጨኛው ሽፋን ያደላል፤ በገብስ ግን በፍሬው ሁሉ ተሰራጭቷል። ስለዚህ ተፈትጎ የነጣ ገብስም ይሠራል። ጤፍ ግን እዚህ ቦታ አይተካም፤ ሌላ ፋይበር ቢኖረውም ቤታ ግሉካን የለውም ማለት ይቻላል።

ጥራጥሬ። በቀን 130 ግራም የተቀቀለ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም አተር ኤልዲኤልን 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጥሬው ሲመዘን ከ50 እስከ 60 ግራም ነው። ድፍን ምስር ከክኩ ይመረጣል፤ ክኩ ቆዳውን ጥሎ ስለመጣ ፋይበሩ አንሷል።

ተልባ። በቀን 30 ግራም፣ ተፈጭቶ። ስለ አዘገጃጀቱ የሚባለው ብዙ ስለሆነ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ለውዝ። በቀን 30 ግራም ገደማ፣ ጨውና ዘይት ሳይነካው የተቆላ። የሱፐርማርኬት አልሞንድ ዋጋ የማይቀመስ ከሆነ የባቢሌ ኦቾሎኒ በቂ ነው። ግን ከምሳና ከእራት ላይ የሚደመር ሳይሆን ብስኩትና ሳምቡሳን የሚተካ ይሁን።

አሁን ዋናው፦ በምን ፋንታ? አንድ የሾርባ ማንኪያ የነጠረ ቅቤ ከ8 እስከ 9 ግራም ሳቹሬትድ ቅባት አለው። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብና ኤልዲኤሉ ከፍ ላለ ሰው የሚመከረው ጣሪያ 13 ግራም ገደማ ነው። 80 ግራም የገብስ ገንፎ መሃሉ ተጎድጉዶ ሦስት ማንኪያ ቅቤ ከገባበት 25 ግራም ሆኗል። ገብሱ ያወረደውን ቅቤው መልሶ ይጭነዋል፣ ትርፍም አለው። ጩኮም እንደዚሁ ነው፤ በሶው መድኃኒት፣ ቅቤው ዕዳ።


#2 · ቆላ_ደጋ

ቅቤው ጥፋተኛ ከሆነ የጾመኛው ነገር እንዴት ይታያል? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ምስርና ሽሮ በየቀኑ ይበላል፣ ማለትም ያሉት 130 ግራም ሳይታሰብበት ይሞላል። ያም ሆኖ ከፋሲካ በፊት ተመርምረው ኤልዲኤላቸው ንቅንቅ ያላለ ሰዎች ብዙ ናቸው። የ5 በመቶው ነገር የት ገባ?


#3 · ዘይት_ጨማቂ

ድስቱ ውስጥ ገባ። አንዳንዱ ቤት ለአራት ሰው በሚሠራ የጾም ወጥ ላይ አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ይፈሳል። 150 ሚሊ ሊትር እንበል፤ 138 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ለአንድ ሰው ከ34 ግራም በላይ ማለት ነው። ዘይቱ የፓልም ከሆነ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሳቹሬትድ ነው። ስለዚህ በአንድ ማዕድ ወደ 15 ግራም ሳቹሬትድ ቅባት ገብቷል፤ ሁለት ማንኪያ ቅቤ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የጾም ምግብ መሆኑ ከእንስሳ ያልመጣ ነው ያሰኘዋል እንጂ የማይረጋ ነው አያሰኘውም።

ንጽጽር ከፈለጉ የቀርጤስን ኦርቶዶክሳውያን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት የጾሙ ሰዎች ጾሙ ሲያበቃ አጠቃላይ ኮሌስትሮላቸውም ኤልዲኤላቸውም ወርዶ ተገኝቷል። እነሱ የሚያበስሉት በወይራ ዘይት ነው። ጾሙ ተመሳሳይ፣ ዘይቱ የተለየ።

ስለ ዘይቶቹ በአጭሩ፦

ፓልም፦ ከ40 እስከ 50 በመቶ ሳቹሬትድ። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ጄሪካኑ ውስጥ ደፍርሶ ወይም ረግቶ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የወይራ ዘይትም ፍሪጅ ውስጥ ስለሚረጋ በመርጋት ብቻ አይፍረዱ፤ ማሸጊያውን ያንብቡ። «የአትክልት ዘይት» ብሎ ከፊት የጻፈው ከኋላ «ፓልም ኦሊን» ይላል።

የሱፍ አበባ፦ ሳቹሬትዱ 11 በመቶ ገደማ። ለዕለት ወጥ ጥሩ ነው።

ኑግ፦ 70 በመቶ አካባቢ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ኤልዲኤል ከሚቀንሱት ወገን ነው። ችግሩ ዕድሜው ነው። ባልተጣራ መልኩ ከመጭመቂያ ቤት የሚሸጠው ብርሃንና ሙቀት ካገኘው ቶሎ ይሸታል፣ ጉሮሮ ይከነክናል። በትንሽ በትንሹ ገዝቶ በጥቁር ጠርሙስ ማስቀመጥና ለጥብስ አለመጠቀም። በጣም ርካሽ ኑግ ካገኙ በሌላ ዘይት የተበረዘ ሊሆን ይችላልና ዋጋውን ይጠራጠሩ።

አንድ ጊዜ የተጠበሰበትን ዘይት ሦስትና አራት ጊዜ መመለስ ደግሞ የትኛውንም ዘይት ያበላሻል።


#4 · ምጥን_ሽሮ

ዘይት_ጨማቂ ልክ ብለዋል። ለአራት ሰው ሽሮ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት እንዲህ ይሠራል፦

ሦስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ተልጦ 400 ግራም ገደማ፣ በደቃቁ ይከተፋል። ወፍራም ድስት ላይ ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ይጣዳል። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይቁላላል፤ ታችኛው መያዝ ሲጀምር አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ እያደረጉ መፋቅ። ሽንኩርቱ መልኩን ሲለውጥ ሁለቱ ማንኪያ ዘይት ይገባል፤ ከዚያ ሁለት ማንኪያ በርበሬ ከግማሽ የቡና ሲኒ ውሃ ጋር። እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። ዘይት ሲያንስ በርበሬ ደረቁን ከገባ ያርራል፣ ይመርራል፤ ውሃው መቅደም ወይም አብሮ መግባት አለበት። 10 ደቂቃ በለስላሳ እሳት፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያ አንድ ሊትር ውሃ። 180 ግራም ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ተበጥብጦ ይጨመር፤ ዱቄቱን የፈላው ላይ ከነሰነሱት ይጓጉላል። 25 ደቂቃ እየተማሰለ ይንተክተክ።

ለአንድ ሰው 7 ግራም ዘይት ይደርሳል። ላዩ ላይ ዘይት አይንሳፈፍም፤ «ወጥ አልመሰለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ ጣዕሙ አይጎድልም፤ የሚጎድለው አንጸባራቂነቱ ነው።


#5 · ቆላ_ደጋ

አመሰግናለሁ፣ ሒሳቡ ግልጽ ነው። የተልባውን ቀጥሉልን። ሳይፈጭ ቢበላስ? እርጎ ላይ በጥሬው የሚነሰንሱ አሉ።


#6 · ምጥን_ሽሮ

ያልተፈጨ ተልባ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ለሆድ ድርቀት ሊያግዝ ይችላል፤ ለኤልዲኤል ግን ይፈጭ።

አዘገጃጀት፦ ተልባው ይለቀም፣ ድንጋይና አሸዋ አያጣም። በለስላሳ እሳት ይታመስ፤ መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲመጣ ይውረድ። ጥቁር እስኪል ማመስ ዘይቱን ያቃጥላል፣ ይመርራል። ሲቀዘቅዝ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ብቻ ይፈጭ፤ 210 ግራም ነው። የተልባ ዘይት ከግማሽ በላይ አልፋ ሊኖሌኒክ የሚባል ኦሜጋ 3 ስለሆነ ከተፈጨ በኋላ አየር በፍጥነት ያበላሸዋል። የሚዘጋ ብልቃጥ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ከገበያ ተፈጭቶ በላስቲክ የተንጠለጠለውን፣ መቼ እንደተፈጨ የማይታወቀውን፣ ይተዉት። አሮጌ ዘይት አሮጌ ዘይት ከሸተተ ተበላሽቷል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 7 ወይም 8 ግራም ነው፤ ስለዚህ አራት ማንኪያ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ መጨመር። ለእያንዳንዱ ማንኪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ውሃ ሳይጠጡ መጨመር ሆድን ያደርቃል፣ ያልታሰበውን ተቃራኒ ያመጣል።

ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንዱ ማጥለል ነው። በልማዱ ተልባው ተበጥብጦ ዝቃጩ ይጣላል። ሙጫው በከፊል ወደ ውሃው ይወጣል፣ ሌላው ፋይበር ግን ከዝቃጩ ጋር ተደፋ። ሳይጠለል ይጠጣ፣ ካልተመቸ በተልባ ፍትፍት ይበላ። ሌላው ማር ነው። በአንድ ብርጭቆ ሁለትና ሦስት ማንኪያ ማር የሚጨምር ሰው ኤልዲኤሉ ቢወርድ እንኳ ትራይግሊሰራይዱ፣ ማለትም ሌላው የደም ቅባት፣ ሊወጣ ይችላል። በሶ በስኳርም እንዲሁ።


#7 · ላብ_ቴክኒሻን

ከላቦራቶሪ በኩል ጥቂት ነገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ምግቡ ሠራ ወይም አልሠራም የሚለው በተሳሳተ ቀን በተወሰደ ደም ነው።

መቼ ይመርመሩ? የምግብ ለውጥ ውጤት ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ጀምሮ ይታያል፤ ለመፍረድ ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቁ። በፋሲካ ማግስት፣ በሠርግ ሰሞን አይሂዱ። ትኩሳትና ኢንፌክሽን ኤልዲኤልን ለጊዜው ያወርዳል፤ እርግዝና ደግሞ ያወጣል። በሁለቱም ጊዜ የተገኘው ቁጥር የምግቡ አይደለም።

የት? በዚያው ላቦራቶሪ። የአንድ ሰው ቁጥር ምንም ሳይለወጥ ከቀን ወደ ቀን እስከ 10 በመቶ ይዋዥቃል። ከ150 ወደ 143 ሚሊግራም በዴሲሊትር መውረድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዝ።

በብዙ ላቦራቶሪ ኤልዲኤል በቀጥታ አይለካም፣ ይሰላል፦ ከአጠቃላይ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤል («ጥሩው» ኮሌስትሮል) እና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። አጠቃላይ 236፣ ኤችዲኤል 44፣ ትራይግሊሰራይድ 170 ከሆነ፣ 236 ሲቀነስ 44 ሲቀነስ 34፣ ኤልዲኤል 158 ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ስሌት አይሠራም፤ በቀጥታ ይለካ ይበሉ። ትራይግሊሰራይድ በተበላና በተጠጣ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ሳይበሉ ቆይቶ መምጣት ይሻላል። ውሃ ይፈቀዳል፤ ስኳር የገባበት ሻይ አይፈቀድም።

ከአውሮፓ ወይም ከገልፍ አገር ውጤት የያዛችሁ ቁጥራችሁ በሚሊሞል ሊሆን ይችላል። ለኮሌስትሮል በ38.67፣ ለትራይግሊሰራይድ በ88.57 አባዙት። «ኤልዲኤሌ 4 ነው፣ በጣም ዝቅ አለ» የሚል መልእክት እዚህ ይታያል፤ 4 ሚሊሞል ማለት 155 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው።


#8 · ፋርማሲ_ማዕዘን

መድኃኒት ለሚወስዱ፦

ሙጫማ ፋይበር የሐሞት አሲድን እንደሚይዝ ሁሉ ክኒንንም ይይዛል። ተልባ፣ አብሽና የመሳሰሉት ከመድኃኒት ቢያንስ 2 ሰዓት ይራቁ። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ከሆነ 4 ሰዓት። በነገራችን ላይ የታይሮይድ ማነስ ራሱ ኤልዲኤልን ያወጣል፤ ምግቡ ሁሉ ተስተካክሎ ቁጥሩ እምቢ ካለ እሱም ይመርመር።

አብሽ የሚሟሟ ፋይበር አለው፣ ኮሌስትሮል ላይም ተስፋ ሰጪ ትናንሽ ጥናቶች አሉ። ግን መጠኑ በቀን ከ10 ግራም በላይ የሆነ ነው፤ ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ቁንጥር ከዚህ ቁጥር አይገባም። የደም ስኳርም ስለሚያወርድ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በዚህ መጠን አይጀምር። ነፍሰ ጡርም በብዛት አትውሰድ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድም እንዲሁ፤ አብሽም ሆነ በክኒን መልክ የተጨመቀ ነጭ ሽንኩርት ደምን ሊያቀጥን ይችላል።

ነጭ ሽንኩርት ከተነሳ፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታንፎርድ የወጣው ጥናት 192 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታትሏል። ከፊሉ በጥሬው፣ ከፊሉ በዱቄት፣ ከፊሉ በክኒን ወሰዱ፤ ኤልዲኤል ላይ ለውጥ አልታየም። ወጡን ያጣፍጣል፣ ይብሉት። ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለት ራስ እየዋጡ ጨጓራን ማቃጠል ግን ትርፉ አይታይም። ሎሚ በሙቅ ውሃና የአፕል ኮምጣጤም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የላቸውም። ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ላይ ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ገብስ ባለበት አገር በእነሱ መጀመር አያስፈልግም።

ስታቲን፣ ማለትም የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ የታዘዘለት ሰው በራሱ አያቁም። ስታቲን እንደ ዓይነቱና መጠኑ ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 50 በመቶ ያወርዳል። ምግብ በላዩ ላይ ሲጨመር ግን ዋጋ አለው፤ የስታቲንን መጠን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ 80 ግራም ገብስ በየቀኑ ከዚያ ጋር የሚወዳደር ሥራ ይሠራል። ሲምቫስታቲን ወይም አቶርቫስታቲን የሚወስድ ሰው ግሬፕ ፍሩት በብዛት አይጠጣ፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል።

ኤልዲኤል ከ190 በላይ ከሆነ፣ በተለይ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ ድካም የሞተ ካለ፣ ችግሩ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። እዚያ ላይ በሶ ብቻ ይዞ መጠበቅ አደጋ ነው።


#9 · ጀበና_በረካ

ማንም ያላነሳው ቡናውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከኖርዌይ ትሮምሶ የወጣ ጥናት ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ እንደሚል አሳየ። ኋላ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ለዩት፦ ካፌይን አይደለም፣ የቡናው ዘይት ውስጥ ያለ ካፌስቶል የሚባል ነገር ነው። በቀን 10 ሚሊግራም ካፌስቶል ኮሌስትሮልን 5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ይጨምራል። ሰሜን አውሮፓውያን ያኔ ቡናቸውን አፍልተው ሳይጠልሉ ይጠጡ ነበር። ጀበናም፣ የቱርክ ቡናም አወጣጡ ከዚሁ ወገን ነው። የእኛ አረቢካ ደግሞ ከሮቡስታ የበለጠ ካፌስቶል አለው።

የጀበናው አፍ ላይ የሚወተፈው ማጥለያ አተላውን ይይዛል እንጂ ዘይቱን አይዝም። የወረቀት ፊልትር ግን ሁሉንም ሊባል በሚችል መጠን ያስቀራል።

ምን ይደረግ? በቀን አንድ ወይም ሁለት ሲኒ የሚጠጣ ሰው አይጨነቅ። ሦስት ጊዜ ተቀምጦ በእያንዳንዱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣ ሰው ግን ኤልዲኤሉ ካስቸገረ ይመለከተዋል። ጀበናው ከወረደ በኋላ ደህና አድርጎ ይስከን፤ በዝግታ ይቀዳ፤ የመጨረሻው ድፍርስ ይቅር። አተላው ውስጥ ያለው ካፌስቶል አብሮ ይቀራል። ለሥራ ቦታ በፔርሙስ የሚያዝ ከሆነ ከጀበናው ወደ ፔርሙሱ በወረቀት ፊልትር ያሳልፉት። ጣዕሙ ይሳሳል፣ ይህ አይካድም። በየአካባቢው ቡና ላይ የሚጨመረው ቅቤ ደግሞ በ#1 የተሠራው ሒሳብ ውስጥ ይገባል።


#10 · ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማዕድ

ቡናው ላይ ለተባለው፣ እዚህ አሜሪካ ያለነው በማሽንና በወረቀት ስለምንጠጣ ተርፈናል፤ የእሑዱ ጀበና ሲቀር።

ለውጭ አገር ነዋሪ ጥያቄ አለኝ። የሐበሻ ሱቅ በሶ ዋጋው ውድ ነው፣ ስንት ጊዜ እንደቆየም አይታወቅም። ተራ ሱቅ ውስጥ በምን ይተካል? ኢሳብጎልስ ከዚህ ጋር ይቆጠራል? ደግሞ «ቀይ የእርሾ ሩዝ» የሚባል ክኒን የተፈጥሮ ነው እየተባለ በየቤቱ ይዞራል።


#11 · ፋርማሲ_ማዕዘን

ከኋለኛው ልጀምር። ቀይ የእርሾ ሩዝ ውስጥ ያለው ሞናኮሊን ኬ ከሎቫስታቲን ጋር አንድ ነው። ማለትም ስታቲን ነው፤ ልዩነቱ ክኒኑ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያረጋግጥ አለመኖሩ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በቀን ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን የገደበውም ለዚህ ነው። ከታዘዘ ስታቲን ጋር ከተደራረበ ጡንቻና ጉበት ይጎዳል።

ኢሳብጎል፣ ሳይሊየም የሚባለው፣ ይቆጠራል፤ እንዲያውም ከሁሉም በማስረጃ ጠንካራው ነው ማለት ይቻላል። በሕንድ ሱቅ ርካሽ ነው። በቀን 10 ግራም ገለባ 7 ግራም የሚሟሟ ፋይበር ይሰጣል። በሁለት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ 5 ግራም በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ ሳይወፍር ወዲያው ይጠጣ። በደረቁ ከተዋጠ ጉሮሮ ውስጥ አብጦ ያንቃል። ስኳር የገባበትን ባለ ብርቱካን ጣዕም ይተዉ።


#12 · ምጥን_ሽሮ

ለበሶው ምትክ፦ በተራ ሱቅ ተፈትጎ የሚሸጠው ገብስ ይበቃል፣ አጃም እንዲሁ። አጃው ስኳርና ጣዕም ያልገባበት ይሁን፤ የተዳመጠው ከቅጽበታዊው ይመረጣል፣ በጣም የላመው ስኳር ቶሎ ስለሚያወጣ።

የገብስ ቅንጬ ለአንድ ሰው፦ 75 ግራም የተከካ ገብስ በአራት እጥፉ፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ። ከፈላ በኋላ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ተከድኖ። በቅቤ ፋንታ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት የተቁላላ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ኮረሪማ። ኮረሪማው ቅቤው ሲቀር የሚሰማውን ጉድለት ብዙውን ይሸፍናል። ሾርባም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቤታ ግሉካን በሙቀት ይበልጥ ይሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ሙጫ መወፈሩም ምልክቱ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ በሶ ይህን ያህል አይወፍርም፤ ለብ ባለ ውሃ ይበጥበጥ።

ገብስ ሆኖ የማይሠራም አለ። ብቅል ሲበቅል የራሱ ኢንዛይም ቤታ ግሉካኑን ይቆራርጠዋል፣ ስለዚህ «ጠላም ገብስ ነው» የሚለው ቀልድ እንጂ ምክር አይደለም። በእርሾ ብዙ ቀን የተብላላ የገብስ እንጀራና ዳቦም ከቅንጬና ከሾርባ ያንሳል።

ሁሉንም አንድ ላይ ማድረግ ምን ያህል ያደርሳል ለሚል፦ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው ጥናት ሙጫማ ፋይበር፣ የአኩሪ አተር ፕሮቲን፣ አልሞንድና የዕፅዋት ስቴሮል ያለበትን ቅቤ ምትክ አንድ ላይ ሰጥቶ በአንድ ወር ኤልዲኤልን 28.6 በመቶ አወረደ። ሎቫስታቲን የወሰዱት 30.9 በመቶ ነበር። ምግቡ ግን ተመዝኖ ተሰጥቷቸዋል። ሰዎች ቤታቸው ራሳቸው ሲያዘጋጁ፣ በ2011 በታተመው፣ በስድስት ወር 13 በመቶ አካባቢ ሆነ። ቤት ውስጥ የሚጠበቀው ቁጥር ይህኛው ነው። 158 የነበረው ወደ 137 ይወርዳል፤ 80 አይገባም።


#13 · የጎጃም_ግብጦ

ከፕሮቲኑ አንጻር አኩሪ አተር ብቻ ለምን ይጠቀሳል? ግብጦም ፕሮቲኑና ፋይበሩ ከፍተኛ ነው፣ ኮሌስትሮልን በመጠኑ እንደሚያወርድም ታይቷል። ግን መራራው ነገር መርዝ ነውና ሳይወጣ አይበላም። ይቀቀላል ወይም ይቆላል፣ ከዚያ ውሃው በየቀኑ እየተለወጠ ቢቻል ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። መለኪያው የቀን ቁጥር ሳይሆን ምላስ ነው፦ አንድ ፍሬ ተላጦ ሲቀመስ ምሬት ካለው አልደረሰም። የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፣ ለከብትም አይሰጥም። ለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው በግብጦም ሊነሳበት ይችላል።

ስለ ንፍሮ ደግሞ፦ ሽምብራና ባቄላ 12 ሰዓት ተዘፍዝፎ ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ሲቀቀል ሆድ መንፋቱ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ 130 ግራም የጀመረ ሰው በሁለተኛው ቀን ይተወዋል፤ በቡና ቁርስ እፍኝ ንፍሮ መጀመር ይበቃል።


#14 · ቆላ_ደጋ

አንድ የቀረኝ። እንቁላልስ? ዶሮ ወጥ ሲነሳ ሁሉም ከእንቁላሉ ይሸሻል።


#15 · ምጥን_ሽሮ

የአንድ እንቁላል አስኳል 186 ሚሊግራም ገደማ ኮሌስትሮል አለው፤ ግን በብዙ ሰው ላይ የሚበላው ኮሌስትሮል ከሳቹሬትድ ቅባት ያነሰ ተጽዕኖ ነው ያለው። ኤልዲኤሉ ከፍ ያለ ሰው በሳምንት ሦስት ወይም አራት አስኳል ቢበላ፣ ያለ ቅቤ ተቀቅሎ፣ ትልቅ ነገር አይደለም። ዶሮ ወጥ ውስጥ የሚፈራው እንቁላሉ ሳይሆን ድስቱን የሞላው ቅቤ ነው። ቆዳው ተገፎ፣ ቁሌቱ በ#4 ባለው መንገድ ተቁላልቶ፣ የነጠረ ቅቤ በመጨረሻ ለሽታ ያህል ለስድስት ሰው በአንድ ማንኪያ ቢገባ፣ ለአንድ ሰው አንድ ግራም ተኩል ሳቹሬትድ ይደርሳል። በመጨረሻ የገባ ቅቤ መዓዛው ስለማይጠፋ መጀመሪያ ከሚገባው ሦስት ማንኪያ የበለጠ ይሸታል።